ጓሮው መቃብር ያለበት ቤት

ሰኞ
አልፈረምኩም! አከራዬ ፉፋ ቤቱን ሊሸጥልኝ ውሉን ይዞ መጥቶ ነበር። ስድስት ዓመት ተከራይቼ ልብስ እየሰፋሁ ልጆቼን ያሳደግኩበት ቤት ነው፤ ለመፈረም እጄን አሳክኮኝ ነበር። ጠበቃዬ አቶ ታደሰ ግን፣ «ከአንተ ሌላ የአባትህ ወራሽ አለ?» ብለው ጠየቁት። ታላቅ እህት አለችኝ፣ ግን ሲሬ ተድራ ሄዳለች፣ ምን አገባት አለ። አቶ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። ያገባች ልጅም ወራሽ ናት፣ እሷ ካልፈረመች ነገ መጥታ ታስወጣሻለች አሉኝ። ፉፋ አኩርፎ ሄደ። ያኩርፍ።

ማክሰኞ
ፉፋ በማለዳ መጣ። ሌላ ገዢ አለኝ ይላል። «ይግዛዋ!» አልኩት። አፌ ደፋር ነው። ይህን ቤት ባጣ ደንበኞቼ የለመዱት በር ቀረ፣ ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ? ሐሙስ ከአቶ ታደሰ ጋር ሲሬ እንወርዳለን። የምይዘው፦ ስኳር፣ አንድ ነጠላ፣ ትዕግሥት። ሦስተኛውን ከየት እንደማመጣው እንጃ።

ሐሙስ
እህትየው፣ አዴ ዋርቂቱ (አዴ እንደ እማማ ነው)፣ ጸጉራቸው የነጣ ሴት ናቸው። «አካም ጅርቱ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም እያልኩ ስገባ ሳቁ። ገንዘብ ይጨመርልኝ ይሉኛል ብዬ ስንት ሙግት አዘጋጅቼ ነበር። ውሉን እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «የገንዘቡ ነገር ከወንድሜ ጋር ነው። አባ ኮ፣ አባቴ ግን ጓሮው ውስጥ ነው የተቀበረው። ቤቱ የአንቺ ሲሆን እኔ አባቴን የት አገኘዋለሁ?» አሉ።

መቃብሩን አውቀዋለሁ፣ ዋንዛው ሥር ነው። ውሉ ላይ ግን ማንም አላሰበውም። ይጻፍላቸው አልኩ። አቶ ታደሰ ወደ ደጅ ጎትተውኝ፣ መቃብር ብለሽ ግማሽ ግቢ እንዳታጪ አሉኝ። «እርስዎ በልክ ይጻፉት እንጂ፣ እኔ በልክ ስቆርጥ ነው የኖርኩት!»

ተጻፈ። መሬቱ የገዢዋ ነው፤ መቃብሩ ግን አይነካም፣ አዴ ዋርቂቱና ልጆቻቸው ገብተው ሊጎበኙት ይችላሉ። አቶ ታደሰ በኦሮምኛ ሲያነቡላቸው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ነገ ነቀምት መጥተው ይፈርማሉ።

ዓርብ
የመጀመሪያው አውቶቡስ ያለ እሳቸው መጣ። ፉፋ፣ አላልኩሽም ዓይነት አየኝ። በሁለተኛው ወረዱ! ፍርድ ቤት፣ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ቆመን ፉፋ ፈረመ፣ እሳቸው አውራ ጣታቸውን አሳረፉ፣ እኔም ፈረምኩ። አቶ ታደሰ የጥብቅናቸውን ተቀብለው ሲያበቁ ለአዲስ ሱሪ ተለኩ። ደስ ብሎኛል፣ በጣም ደስ ብሎኛል።

እሑድ
አዴ ዋርቂቱ ዘመድ ቤት ሰንብተው ኖሮ ዛሬ አባታቸውን ሊያዩ መጡ። እስከ ዛሬ የፉፋ ቤተሰብ ሲመጣ በሩን በርግዶ ይገባ ነበር፣ ቤቱ የእነሱ ነዋ። እሳቸው ግን መግባት እንደሚችሉ ውል ላይ ተጽፎላቸው እያለ ደጅ ቆመው፣ «የቤቱ ባለቤት፣ ልግባ ወይ?» ብለው ተጣሩ።

ማንን እንደሚጠሩ ለማየት ዘወር አልኩ። ከኋላዬ ማንም የለም።