አባዬ፣ መሳቅ ፈርቻለሁ

አባዬ ሆዴ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው፤ እማዬ ለሙት ዓመትህ ከወዲሁ ጉድ ጉድ ማለት ጀምራለች። የሾላውን የበርበሬ ሱቅ አልዘጋነውም፤ እሷው ይዛዋለች። ዕድሜ ልክህን በርበሬ ሸጠህ ማስነጠስ አልተውክም ብላ ስትስቅብህ የኖረችው ሴትዮ፣ አሁን ተራዋ ደርሶ ስታስነጥስ ትውላለች።

እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንተ ልንገርህ። ያን ቀን ዩኒቨርሲቲ ካፌ ውስጥ ሆዴን ይዤ ስስቅ ነበር። የዶርም ጓደኛዬ ሔለን እንባዋን እየጠረገች፣ ምነው እንዲህ ሳቅን፣ ብቻ ደህና ያሰማን አለች። ወዲያው ስልኬ ጠራ። ጎረቤታችን ናት፤ አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ነይ አለችኝ። ኮተቤ ስደርስ በራችን ላይ ድንኳን ተተክሏል።

ከዚያ ወዲህ ሳቅ ሲመጣብኝ ልቤ ይደልቃል። ከሳቅኩ ሰው የሚሞትብኝ ይመስለኛል፤ ተረኛዋ ደግሞ እማዬ ናት እላለሁ። ስለዚህ ከሔለንና ከሌሎቹ ጓደኞቼ ራቅኩ። ያቺ ለፍላፊ ልጅህ አሁን ክፍል ውስጥ እጅ አታወጣም፤ ከኋላ ጥጓን ይዛ ትቀመጣለች። ጥሩ ውጤት ሳይ እንኳ የሚቀድመኝ ድንጋጤ ነው። አንተ ትንፋሽ ሲያጥርህ ስትስቅ ለነበረች ልጅ ምን ደስታ ይገባታል?

እሁድ ቤት መጥቼ ነበር። አንድ ደንበኛ ዋጋ ቀንሺ እያለ ሲጨቀጭቃት እማዬ ማስነጠስ ትጀምራለች፤ ሰውየው ይማርሽ ማለት ሰልችቶት ያለችውን ከፍሎ ሄደ። ይህን ስትነግረኝ ነጠላዋ እስኪወድቅ ሳቀች። ካንተ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። በቃ እማዬ፣ በማርያም ተይ ብዬ ጮህኩባት። ክው አለች። ያኔ ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኳት።

ምን አለችኝ መሰለህ? ለካ አንተም የዚያን ዕለት ጠዋት እየሳቅህ ነው የወጣኸው። ከበር ተመልሰህ ቀልድህን ደግመህላት ነበር። እኔን ይባስ አስፈራኝ፤ ይኸው፣ ሳቀና ሞተ አልኩ በሆዴ። እሷ ግን፣ ተኮሳትሮ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ይዤ እቀር ነበር አለችኝና ነጠላዋን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

አሁንም እፈራለሁ አባዬ፤ አልዋሽህም። ቅዳሜ ሔለንና ልጆቹ እንጦጦ ሊወጡ ነው፤ እኔም እመጣለሁ ብያቸዋለሁ። እንደሚያስቁኝ አውቃለሁ፤ አያስችላቸውም። ስስቅ ብታየኝ ረሳችኝ እንዳትል። እስከ ዛሬ ያስታወስኩህ በድንኳኑ ብቻ ነበር። ከእንግዲህ እየሳቅኩም አስታውስሃለሁ፤ እየፈራሁም ቢሆን።

ልጅህ ቤዛ