የቀደድኩት የሰማይ ካርታ

ካናል ዊንቸስተር፣ ኖቬምበር 20፣ 2021

ለልጄ ለሔርሞን፣

«እንደምን ነሽ» ብዬ ልጀምር አስቤ ብዕሩን አስቀመጥኩት። በኦገስት ከዚህ ቤት ስትወጪ ያልጠየቅኩሽን፣ ዛሬ ሲያትል ድረስ ልጠይቅሽ? ቢሆንም፣ እንደምን ነሽ? ትበያለሽ?

እኛ ደህና ነን። እናትሽ ላውንድሪ ክፍል ገብታ፣ ማሽኑን ባዶውን አስነስታ፣ በስልክ ከማን ጋር እንደምታወራ የማላውቅ ይመስላታል። እኔም ስትገባ የቲቪውን ድምፅ እጨምርላታለሁ።

ካርታውን በቴፕ ገጣጥሜዋለሁ። አንድ ቁራጭ ጠፍቶኛል። ሶፋውን አንስቼ ሁሉ ፈለግኩ። ጠዋት ሥራ ልሄድ ስወጣ ትልቋ ድብ የሚሏት የከዋክብት ስብስብ ከጎረቤታችን ጣራ በላይ ጭራዋን ወደ ታች ለቃ ቆማለች። ካርታሽ ላይ አራት ቦታ ተቀድዳለች።

ያን ቀን ግድግዳሽ ላይ ሳየው ልቤ ነው ቀጥ ያለው። ኮከብ። መስመር። የጣዖት ስም። በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቤት ኮከብ ቆጠራ! አንቺ ደግሞ ሳቅሽ።

«ዳድ፣ የጥንት ግሪኮች ጠንቋዮች አይደሉም እኮ፣ ገበሬዎች ናቸው። ይሄኛው ኮከብ ጎህ ሳይቀድ ብቅ ሲል ወይናቸውን ይለቅማሉ፣ በቃ። ካላንደር ነው!» ከዚያ ጣትሽን ወደ ላይ አነሳሽ። «ይሄን እየው፣ ኬፊየስ። ኢትዮጵያዊ ንጉሥ ነው፣ ያንተ ሰው!»

ቀደድኩት። «ወይ ይሄ፣ ወይ ይህ ቤት» አልኩሽ።

«ኦኬ» አልሽ። ኦኬ ብቻ።

ትተሽው የሄድሽውን መጽሐፍ እያነበብኩ ነው፤ የጥንት ግሪኮች በየቤታቸው እንዴት ይኖሩ እንደነበር የሚያወራውን። ግሮቭፖርት፣ ሥራ ቦታ፣ በብሬክ ሰዓት፣ በዲክሽነሪ። በቀን አምስት ገጽ ከሄድኩ ትልቅ ነገር ነው። ሴት ልጅ ስትወለድ በሩ ላይ ሱፍ ይሰቅላሉ። በአምስተኛው ቀን ሕፃኑን ታቅፈው ምድጃውን ይዞራሉ። አባት አልቀበልም ካለ ግን ልጁ የቤቱ አይደለም፤ ውጭ ይጣላል። እዚህ ላይ አስምረሽበታል። መቼ ነው ያሰመርሽው? ካርታው ከመቀደዱ በፊት ነው፣ በኋላ?

ስለ ኬፊየስም አነበብኩ። ትንቢት ፈርቶ የገዛ ልጁን ከዓለት ጋር ያሳሰረ አባት ነው። ስትስቂ ይህን ታውቂ ነበር?

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ቶሎሳ እንደ ወትሯቸው «የሔርሞን ትምህርት እንዴት ነው?» አሉኝ። ሦስት ወር ሙሉ «ጌታ ይመስገን» ስል ነው የከረምኩት። ሻዬን እንደያዝኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አባርሬያት ነው የሄደችው» አልኳቸው።

ክንዴን ያዙኝ። «ታዲያ እዚህ ቆመህ ሻይ ትጠጣለህ? ሂዳ ሰውዬ!»

ዲሴምበር አራት እመጣለሁ። ሥራ የሚበዛበት ፒክ ሲዝን ነው ብለው ኦፍ ከለከሉኝ፤ ትኬቱን ግን ቆርጫለሁ። ስመለስ ሥራው ይጠብቀኝ እንደሆነ አላውቅም። በሩን ባትከፍቺልኝ አልቀየምሽም። ደረጃው ላይ ቁጭ እላለሁ።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ቆንጂት የምትባል ታናሽ እህት ነበረችኝ። ከብቶቻችን ተከታትለው ሲሞቱ አያትሽ ኮከብ አስቆጠረች። የልጅቷ ኮከብ ከቤቱ ጋር አይስማማም ተባለ፤ ራቅ ላለ ዘመድ ተሰጠች። ጌታን ካገኘሁ ጀምሮ ኮከብ የሚል ቃል መስማት አልወድም ነበር። ቆንጂት በየገበያው ቀን መንገድ ዳር ወጥታ የቤታችንን ሰው ትጠብቅ ነበር አሉ። አባቴ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ።

ስታጠኚም ስትተኚም ጌታ አብሮሽ ይሁን፤ ኮከብ ስታዪም።

አባትሽ
ያደታ