የቋንጣው ሽቦና አጋዘኖችህ

ጌቾዬ፣ እዚያ ብርድ የለም ይሉናል፤ እውነት ከሆነ ደስ ይበልህ። እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ፣ ሰኔው እንደምታውቀው ነው፤ ሌሊት ሌሊት ቆርቆሮው አመዳይ ለብሶ ያድራል። ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ኮሮና ነው ብለው በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ ፊትህን እንኳ ሳያሳዩኝ ነው የቀበሩህ። በዚያ እስካሁን አልበረደልኝም። የዛሬው ንዴቴ ግን ሌላ ነው። የምነግረው ሰው ባጣ ላንተው አመጣሁት።

በፊት የቤቱን ልንገርህ። ሱቁ አለ። ልጅህ ሳሮን መንጃ ፈቃድ አወጣችና ባኪህን፣ ያችን ፒካፕ፣ እሷ ናት የምትነዳው፤ ማርሹን እንዳንተው እያንገጫገጨች። ጠመንጃህን ፖሊስ ጣቢያ አስረከብን። ቦት ጫማህ በር ሥር ነው፤ ጭቃውን አልነካሁትም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ደግሞ አንዲት ሴትዮ ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ «የአውሬ ደም ነው የጨረሰው» አለችልህ። እኔም «ያንቺው ባል በየበዓሉ የሚያርደው በግ ደሙ ውኃ ነው?» አልኳት። ማስኳን መለሰች።

እሷ ምን ታውቃለች! አንተ ከመተኮስህ በፊት የአጋዘን ኮቴ የምትቆጥር ሰው ነበርክ። በየሰኔው፣ በሐዋርያት ጾም፣ የሽማግሌው የሄንድሪክ የአደን እርሻ ትሄዳለህ፤ ከዱካ ፈላጊው ከሲፖ ጋር ኩሬው ዳር ተቀምጣችሁ የግልገል ኮቴ ስትቆጥሩ ትውላላችሁ። ከአምናው ካነሰ ጠመንጃህን ሳትነካው ትመለሳለህ። ባዶ እጅህን ስትመጣ ስንቴ ተነጫነጭኩብህ! አንተ እኮ ዳቦውን ቆራርሰህ ጠረጴዛው ላይ ትደረድርልኛለህ፤ ይኼ ኩሬው፣ ይኼ አዲሱ አጥር፣ እነዚህ እናቶቹ። ዝናብ ሲቀር ሣሩ ይሳሳል፤ እናቲቱ ትከሳለች፣ ወተቷ ይነጥፋል። አጥሩ የውኃ መንገዷን ሲዘጋባት ዞራ ዞራ ትደክማለች። ጥይትማ አንዱን ሽማግሌ ወንድ ነው የሚወስደው፤ ዘሩን የሚያጠፋው ረሃብና ወጥመድ ነው ትለኝ ነበር። ኢትዮጵያ፣ ባሌ አገር ያሉት አባትህ ያስተማሩህ ነው፤ ሴቷ አትነካም።

ሲቀናህ ደግሞ በስመ ሥላሴ ባርከህ አርደህ ታመጣለህ። ዘልዝለን፣ በርበሬና ጨው አሽተን፣ ጓሮው ክፍል በዚያ በሰማያዊው ሽቦ ላይ እንሰቅለዋለን። ፕላስቲክ የለበሰ ስለሆነ አይዝግም ብለህ የመረጥከው፣ የተረፈውን ሱቅ የደረደርነው። ጾሙ እስኪፈታ ማንም አይቀምስም። ሳሮን በሩን ከፍታ እያሸተተች ትዘጋለች፤ አንተ ያንን እያየህ ትስቃለህ።

ሎክዳውን የመጣ ጊዜ አደኑም አብሮ ተዘጋ። አዳኝ ከሌለ ለእርሻው ገቢ የለም፤ ሄንድሪክ ሠራተኞቹን አሰናበተ፣ ሲፖንም ጭምር። አንተን ከቀበርን በኋላ ሲፖ ሁለት ጊዜ ሱቅ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ አለቀሰልህ፤ ሰማያዊውን ሽቦ ፈለገ። ሰጠሁት፤ ባሌን የወደደ ነው ብዬ ጠንካራውን መርጬ በነፃ ሰጠሁት። ለምንህ ነው አላልኩም። በኛ ቤት ያ ሽቦ የቋንጣ ነው፤ እሱም ቋንጣ ሊሰቅል መሰለኝ።

ሙት ዓመትህን አውጥተን ባለፈው ቅዳሜ ኩሬህን ልይልህ ብዬ ከሳሮን ጋር ሄድኩ። ጌቾ፣ ኩሬው መውረጃ ላይ አንዲት ሴት አጋዘን ሞታ ወድቃለች። አንገቷ ላይ ሰማያዊ ሽቦ። ከየት እንደመጣ ሳሮን ከኔ ቀድማ አወቀች፤ እጄን ያዘችኝ።

ሲፖ እዚያው እርሻው ዳር ካለችው ጎጆው ሲወጣ ባልተማርኩት የዙሉ ቋንቋ ጮህኩበት። ሽቦውን ፊቱ ላይ ነቀነቅኩ። አንገቱን ደፍቶ «ማማ፣ ጥይት የሚተኩሰው የጠገበ ሰው ነው። ልጆቼ በልተው አደሩ» አለኝ። ሄንድሪክን ተናደድኩበት፤ የበሉበትን ሥራ ዘግቶ አጋዘኖቹን ማን ሊጠብቅለት ነበር? አንተንም ተናደድኩብህ። እያንዳንዷን መተላለፊያ ለሲፖ ያሳየኸው አንተ ነህ፤ አጋዘኗ የት ጎንበስ እንደምትል፣ የቱ ጥሻ ሥር እንደምታልፍ። ላለመግደል ያስተማርከው መንገድ ላይ ነው ያጠመደው። ሽቦውን ያቀበልኩት ደግሞ እኔ። ራሴን ነው ገርፌ የማልጠግበው።

«ቅደም፤ ያጠመድክበትን ሁሉ አሳየኝ» አልኩት። ቀደመ። ቀኑን ሙሉ እሾህ ውስጥ ገብተን አንድ በአንድ ነቀልን፤ አንዱንም አልደበቀኝም። አልታረቅኩትም ገና። ግን ሰኞ የበቆሎ ዱቄት ጆንያ ሳሮን አድርሳለታለች፤ በየወሩም ታደርስለታለች። የተራበ ሰው በባዶ ምክር ወጥመድ አይተውም። ከሱቁም ሰማያዊውን ሽቦ አውርጄዋለሁ። ሲጠይቁኝ የለም እላለሁ።

ዘንድሮ ጓሮው ክፍል ባዶ ነው፤ ጾሙ ሲፈታ ሽሮ እንበላለን። አንተ ግን ቁጥሩን ትጠብቃለህና ልንገርህ። ሲፖ ኩሬው ዳር በጣቱ እያሳየኝ ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ፤ አራት የግልገል ኮቴ አለ። ሦስቱ ከትልቅ ኮቴ ጎን ጎን ይሄዳሉ። አራተኛው ብቻውን ነው።

በየሰኔው እየሄድኩ እቆጥርልሃለሁ፣ ጌቾዬ። ከዚያኛው ትንሽ ኮቴ እጀምራለሁ።

ያንተው አልማዝ