የኦሳካዋ አስጎብኚያችን

ወዳጄ ሽመክት፣ አስቀድመህ ይህን ተረዳ፦ እዚህ ጃፓን የሚያስጎበኘኝ ሰው አይደለም፤ ስንዝር የማትሞላ የካርቱን አሻንጉሊት ናት። የወንድሜ ልጅ ባምላክ ኦሳካ ከተማ ውስጥ ወንዝ ዳር ካለ አጥር ላይ ያቆማትና «አስጎብኚያችን» እያለ ፎቶ ያነሳታል። ትናንት ከጎኗ ብቆም፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ፈቀቅ ይበሉ፤ ጋረዷት!» አለኝ። እንጅባራ በፈረስ በዓል የተሸለመ ፈረስ ተውሶ ፎቶ የሚነሳውን እናማለን፤ እሱ እንኳ ፈረሱ ላይ ይታያል።

ባለቤቴ ስሜነሽ አለመክሳቴን በፎቶ ካላየች አታምንም። ባምላክ የላከላት ግን አሻንጉሊቷን ነፋስ እንዳይጥላት ደግፌ የያዝኩበትን ነው፤ ከእኔ የሚታየው እጄ ብቻ ነው።

ለባለቤትህ ለሶስናና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እጁ የእኔ መሆኑን፣ እንዳልከሳም ለስሜነሽ መስክርላትና፣ አምናህ እንደሆነ ቶሎ ጻፍልኝ።

አድማሴ