የካርቱም ድልድይና የአባየ ክንድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ የመጣች ሴት ውሃ ልትጠጣ ቤታችን ገባች። አባየ ገና ሳትቀመጥ በዓረብኛ ያዟት፤ «ከካርቱም ወደ በሕሪ የሚያሻግረው የባቡር ድልድይ አሁንም እንደቆመ ነው?»

«አላውቅም አባቴ። ስንወጣ ዞር ብለንም አላየን» አለች።

አባየ «ቆሟል ማለት ነው። ያን የሚያህል ብረት ቢወድቅ እዚህ መተማ ድረስ ይሰማ ነበር» አሉ። ከዚያ ታሪኩን ጀመሩላት። እንግሊዞች እንደሠሩት፣ ባቡርና እግረኛ ጎን ለጎን እንደሚያልፉበት። ይህን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! የዛሬው ጭማሪ ግን አዲስ ነው። ያኔ፣ አባየ በወጣትነታቸው ካርቱም ሲኖሩ፣ እማየ ከወንዙ ማዶ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ዓርብ ዓርብ ድልድዩ ላይ ይገናኛሉ። ባቡር መጥቶ ብረቱ ሲንቀጠቀጥ እማየ ፈርታ ክንዳቸውን ጭምቅ አድርጋ ትይዛለች። «ባቡሩ ባይኖር ይች ልጅም አትኖርም ነበር» ብለው ወደ እኔ ሳቁ።

እማየ ከሞተች ወዲህ ሰሊጥ የጫነ መኪና በደጃችን አልፎ ቤቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር አባየ ክንዳቸውን ወደ ጎን ይዘረጋሉ። እርጅና ነው እል ነበር።

ማምሻውን አንድ ተሳቢ አለፈ። ክንዳቸው ተዘረጋ። ሄጄ ያዝኳቸው።

«አይዞሽ፣ አሁን ያልፋል» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

መኪናው ከራቀ በኋላም አልለቀቅኋቸውም።