አራት ሚስማርና አንድ ቀለበት

ዛሬ ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ እኔ የሰባ ስድስት ዓመቷ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይታወክ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በመኝታ ክፍሌ አራት ምስክሮች ባሉበት የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። የሚጽፍልኝ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያረጀው ጎረቤቴ ነው። ከቃሌ እንዳይቀንስ፣ እንዳያሳምርም አስጠንቅቄዋለሁ።

አንደኛ፤ ይህ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከነዕቃው ለወንድሜ ልጅ ይሁን። በወር አንድ ቀን ለአባቷ ሳትናገር መድኃኒቴን ይዛ የምትመጣው እሷ ናት። በቀሩት ቀናት በሬን የሚያንኳኳ የለም። ቆጣሪ አንባቢው እንኳ ቁጥሩን ከውጭ አይቶ ይሄዳል።

ሁለተኛ፤ የአያቴ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግና ቢላዋው ለምስክሬ ለአናጢው ይሰጥ። ዘንጉን ባየ ቁጥር ምራቁን ሲውጥ ዓመታት አልፈዋል።

«እትዬ፣ ምስክር አይወርስም» አለኝ ጸሐፊው።

«እንግዲያውስ ዛሬውኑ በእጄ እሰጠዋለሁ። በቁሜ ማን ይከለክለኛል?» አልኩት። ሰጠሁትም። ይህም ይጻፍ።

አያቴ ከብረታ ብረት ፋብሪካው ጡረታ የወጣ ዕለት ቦት ጫማውን አጠለቀ፤ ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ሥር የዋለበትን ቀን አላስታውስም። ወንዝ ዳር ወፍ ጉቶ ናችሁ ብላ እስክታርፍብን ድረስ ዝም ብለን እንድንቀመጥ ያስተማረን እሱ ነው። ትንንሾቹን ዓሣዎች ወደ ውኃው ሲመልሳቸው «ሂድ፣ እደግ ተመንደግ» ብሎ ይመርቃቸው ነበር። ታናሽ ወንድሜን ከኋላው ስለማይጠፋ «ኮቴ» ይለዋል። እኔን ግን «አለቃ» ይለኝ ነበር፤ ሁሉን ነገር ቦታ ቦታ ስለማስይዝ። እንደ እሱ የወደደኝ ሰው ከዚያ በኋላ አላገኘሁም።

ሦስተኛ፤ በበሩ አጠገብ የተሰቀለው ሰሌዳ ለወንድሜ ለኮቴ ይሁን። አያቴ የሠራው ነው። አራት ሚስማር አለበት፤ ከየሚስማሩ ሥር ዓሣ፣ ዛፍ፣ ድንጋይና ቤት በጋለ ብረት ተሥለዋል። አንዲት የነሐስ ቀለበትም አለችው፤ አያቴ ወደ ወንዝ ሲሄድ ቀለበቷን ዓሣው ላይ፣ ወደ ጫካ ሲሄድ ዛፉ ላይ፣ ወደ ኮረብታው ሲሄድ ድንጋዩ ላይ፣ ሲመለስ ቤቱ ላይ ይሰቅላል። «ብዘገይ የት እንደምትፈልጉኝ ታውቃላችሁ» ይል ነበር። ቀለበቷን ከእሱ በቀር ማንም እንዲነካት አይፈቅድም ነበር።

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ «ይህ ሁሉ ለኑዛዜው ያስፈልጋል?» ብሎ ጠየቀኝ። የማያስፈልገውስ ከዚህ በፊት ያለው ነው አልኩት። ጻፍ።

የዛሬ ስድሳ ሦስት ዓመት፣ አያቴ በጠዋት ወደ ጫካ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ዝናብ ሲያንዣብብ ካፖርቱን ሊወስድ ተመለሰ፤ ከረጢቱን ሰቅሎ መልሶ ወጣ። እኔ ጓሮ ልብስ እያጠብኩ ነበርና መውጣቱን አላየሁም። ስገባ ከረጢቱ ተሰቅሏል፣ የክፍሉ በር ተዘግቷል፣ ቀለበቷ ግን ዛፉ ላይ ናት። ተኝቷል፣ ቀለበቷን ረስቷታል ብዬ ወደ ቤቱ ሚስማር አዛወርኳት። በራሴም ኮራሁ።

ማታ እናታችን «ደክሞታል፣ አትቀስቅሱት» አለች። በነጋታው አልጋው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ሰዉ መጀመሪያ ሰፈሩን፣ ቀጥሎ ወንዙን አሰሰ። ጫካ የተገባው በሦስተኛው ቀን ነው፤ በሕይወት አልደረሱበትም። የጫካ ጠባቂው እንደነገረን እግሩ ተሰብሯል፤ የአንገት ልብሱን ወደ መንገዱ በዞረ ቅርንጫፍ ላይ አስሯል፤ እጁ በደረሰበት ልክ ጭራሮ ሰብስቦ አንድዷል። እንደምንመጣ አልተጠራጠረም። ሰሌዳውን አምኖ ነበር።

አባታችን «ቀለበቷን ማን ነካ?» ሲል ሁሉም ወደ ኮቴ ዞሩ፤ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ በርጩማ ላይ እየወጣ በቀለበቷ ይጫወት ስለነበር። እኔም አብሬ ወደ እሱ ዞርኩ። አለቀሰ፤ ቆይቶም «እኔ ነኝ» አለ። ኋላ ራሱም አመነው። ልጆቹን ከግቢ እንዳያልፉ አድርጎ ነው ያሳደገው፤ ሰሌዳው ካለበት ቤትም አልገባም ብሎ ቀረ።

ኮቴ፣ ወንድሜ፣ አንተ አልነካህም። ያለ በርጩማው አትደርስባትም ነበር፤ በርጩማው ደግሞ ያን ቀን ጓሮ፣ ከእኔ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ሥር ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አባታችን እንዳይጠላኝ ፈራሁ፤ እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ አንተ እንዳትጠላኝ። ስወጣ ስገባ እስከ ዛሬ ቀለበቷን አዛውራለሁ፤ ግን የሚያያት የለም።

እዚህ ላይ አናጢው ጣልቃ ገባ። «እትዬ፣ ይህ የሚነበበው እርስዎ ሲያልፉ አይደል? ወንድምዎ ቢቀድምዎትስ?»

ስሞት ይነበባል እያልኩ የተጽናናሁት ለካ ፊቱን ላለማየት ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ተራ ዛሬውኑ ተገልብጦ በሴት ልጁ እጅ ይላክለት። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ደንብ አላውቅም ቢልም ገልብጦታል።

ከላይ የተጻፈው ቃል በቃል ተነቦልኝ፣ የእኔ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዧ፦ ፊርማ
ምስክሮች፦ አናጢው፣ የማዕዘኑ ፋርማሲ ባለሙያ፣ የቀድሞ የስፌት ባልደረባዬ፣ የላይኛው ፎቅ መምህር፦ ፊርማ
ጸሐፊው፦ ፊርማ

ከግልባጩ ግርጌ፣ በራሴ እጅ የጨመርኩት፦

ኮቴ፣ ቀለበቷ ቤቱ ላይ ናት። በሩን አልቆለፍኩትም።