ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር የተጻፉ ስሞች፦ የአቶ አምሐ መርስዔ ኀዘን የሕይወት ታሪክ

አቶ አምሐ መርስዔ ኀዘን ከአባታቸው ከመሪጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ዮሐንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ የብርጓል ሣህሉ፣ ከእንፍራንዝ በታች በጣና ዳር ባለች መንደር በኅዳር ወር 1923 ዓ.ም. ተወለዱ። የፋብሪካ መታወቂያቸው 1925 ይላል። አክስታቸው ደግሞ «የአንበጣው ዓመት» ይሉ ነበር። ቤተሰቡ ተከራክሮ ተከራክሮ 1923ን ይዟል። የክርስትና ስማቸው ገብረ ኪዳን ነው። ይህ ስም እዚህ እንዲጻፍ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይነገራል።

አባታቸው በንዳድ ሲሞቱ አቶ አምሐ የአምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። በ1930 ዓ.ም. በኅዳር ጽዮን ዕለት፣ ሕዝቡ በመንደሪቱ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሶ ሲወጣ የጣሊያን አውሮፕላን መጥቶ ቦምብ ጣለ። ዐሥራ ዘጠኝ ሰው አለቀ። ወይዘሮ የብርጓል አንዷ ነበሩ። ሕፃኑ አምሐ ቅዳሴው ረዝሞባቸው ሾልከው ውኃ ዳር ሲጫወቱ ስለነበር ተረፉ። ይህን ነገር እስከ መጨረሻው ይቅር አላሉም፤ ይቅር ያላሉት ጨዋታውን ይሁን ራሳቸውን እኛ ቤተሰቦቻቸው እስከ ዛሬ አልገባንም።

ባሕር ዳር ወስደው ያሳደጓቸው የአባታቸው እኅት ናቸው። እኒህ ሴት የሟቿን የወይዘሮ የብርጓልን የክርስትና ስም አያውቁም ነበር። በሰላም ጊዜ ማን ይጠይቃል? የሚያውቁት የነፍስ አባትም በዚያው ዕለት ሞተዋል። ስለዚህ አቶ አምሐ ለእናታቸው ፍትሐት ሊያስደርሱ በሄዱ ቁጥር ካህኑ «ማን ልበል?» ሲሏቸው አንገታቸውን ደፍተው ይመለሱ ነበር። አንድ ካህን «እግዚአብሔር ያውቃታል» ቢሏቸው፣ «እሱማ ያውቃል አባቴ፤ የማላውቀው እኔ ነኝ» አሉ ይባላል።

ዳዊት ደግመው፣ ፊደላቸውን ይዘው ወደ ጋራዥ ገቡ፤ ቀጥሎም በሐይቁ ጀልባዎች ሞተር ሠሩ። በ1950 ዓ.ም. ከወይዘሮ እሌኒ ገብረ መስቀል ጋር ጋብቻ መሥርተው ፀሐይወርቅንና ወልደ ዮሐንስን ወለዱ። በ1953 የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲከፈት በመካኒክነት ተቀጥረው እስከ ጥገና ክፍል ኃላፊነት ደረሱ። ፋብሪካው ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሣ መተከሉን ሲሰሙ «እንግዲያ እናቴ ናት ክር የምትፈትለው» ብለው ነበር። ቀልድ ይሁን ምሬት፣ የሰማ ሁሉ መሳቅ ይገባው እንደሆን ግራ ይገባው ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ለአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ኤግዚቢሽን እንዲዘጋጅ ሲታዘዝ፣ በ1933 ሐይቁ ዳር ወድቆ በደንገል ውስጥ የቀረ የጣሊያን ቦምብ ጣይ ተጠግኖ እንዲቀርብ ተወሰነ። ሥራው ለአቶ አምሐ ተሰጠ። መንደርተኛው ቆርቆሮውን ለዶሮ ቤት፣ ሽቦውን ለአጥር አድርጎት ስለነበር፣ በየቤቱ እየዞሩ ለምነው ሰበሰቡ። እናታቸውን የገደለው ይኸው ይሁን ሌላ ማንም አያውቅም። በዘጠኝ ወር ውስጥ ክንፉ ተቃንቶ፣ ቀለሙ ታድሶ ፊት የሚያሳይ አደረጉት። ወይዘሮ እሌኒ አይተው «ምነው ይህን ያህል አሳመርኸው?» ቢሏቸው ጨርቃቸውን አንሥተው ክንፉን መወልወል ቀጠሉ።

እውነትም አምሮ ነበር። የኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ሳይመረቅ ገና ሙሽሮች እየመጡ ፊቱ ቆመው ፎቶግራፍ ይነሡ ጀመር። አቶ አምሐ ያን ካዩ ወዲህ እንቅልፍ አጡ። በኤግዚቢሽኑ ኮሚቴ ስብሰባ አንድ ቀን እንደ ወደቀ በጭቃው ይታይ አሉ። በሳምንቱ፣ አይ፣ የሠራተኛው ልፋት ነውና እንዳማረ ይቀመጥ አሉ። በሦስተኛው ደግሞ ወደ ሐይቁ ይመለስ ብለው ተነሡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ አስማማው «ጓድ አምሐ፣ የትኛውን ልያዝልዎ?» ቢሏቸው፣ «ሦስቱንም የምለው ከልቤ ነው፤ እኔም የቸገረኝ ይኸው ነው» ብለው ቁጭ አሉ።

በመጨረሻ ያገኙት ዘዴ ይህ ነበር፦ አውሮፕላኑ በአራት የብረት ምሰሶ ከፍ ብሎ ይቁም፤ የቦምብ መጣያው በር ከሆዱ ሥር ተከፍቶ ይታይ፤ ተመልካች ከዚያ በታች ይቁም፤ ፊት ለፊቱም የሞቱት ዐሥራ ዘጠኙ በስማቸው ይጻፉ። ኮሚቴው ተስማማ። አቶ አምሐ የቤተ ክርስቲያኑን የሙታን መዝገብ ከሚጠብቁት ከአባ ዓምደ ሚካኤል ዘንድ ሄደው ስሞቹን ገልብጠው በገዛ እጃቸው በሰሌዳ ላይ ጻፉ።

በመስከረም 1977 አዳራሹ ሲመረቅ የሟች ዘመዶች በታንኳ መጡ። ወይዘሮ ፅጌ ማርያም የሚባሉ አሮጊት፣ በዚያ ዕለት የሞተባቸውን ዕጮኛቸውን ስም እንዲያነቡላቸው ለመኑ። ከላይ እስከ ታች ተነበበ። አምባቸው የሚል የለም። ሁለተኛ ተነበበ፤ የለም። ሌሎቹም የየራሳቸውን አጡ። መዝገቡ ለጸሎት የተጻፈ ነውና የያዘው የክርስትና ስም ብቻ ነበር፤ አቶ አምሐ የመሪጌታ ልጅ ሆነው፣ ሲገለብጡም የብርጓል የሚል ስም አጥተው ይህን መዘንጋታቸው ዛሬም ይገርመናል። ጓድ አስማማው «ይህ የኛ ሰው ዝርዝር ነው ወይስ የቅዱሳን?» አሉ። ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ግን ነጠላቸውን አጣፍተው «የኔውስ እዚህም አልሞተም» ብለው ወጡ። ሰሌዳው እስኪታረም ወረደ።

ከዚያ ወዲህ አቶ አምሐ ሦስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ በጀልባ ወደ ትውልድ መንደራቸው እየተሻገሩ የመዝገቡን ስም ከሰው ስም ጋር ሲያገጥሙ ኖሩ። አምባቸው የክርስትና ስሙ ወልደ ዮሐንስ መሆኑን አገኙና ለወይዘሮ ፅጌ ማርያም ነገሩ። አሮጊቷ «እስከ ዛሬ እኮ በጎዶሎ ስም ነው ያለቀስሁለት» ብለው አዲስ እንደ ሞተ አለቀሱ። ዐሥራ ስድስት ሰው ተገኘ። የቀሩት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ የቀሩትም ስሞች ሦስት፦ ወለተ ኪዳን፣ ወለተ ሐና፣ ወለተ ሥላሴ። ከሦስቱ ሴቶች አንዷ ወይዘሮ የብርጓል ናቸው። የትኛዋ እንደ ሆኑ የሚያውቅ ሰው በሕይወት አልተገኘም።

በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰሌዳው በሁለት ረድፍ ተጽፎ ከአውሮፕላኑ ሥር ተመለሰ፤ የዓለም ስም በቀኝ፣ የክርስትና ስም በግራ። ከሦስቱ ስሞች ፊት ለፊት አቶ አምሐ ሦስቱን ሴቶች በአንድነት ጻፉ። ከዚያም ወዲህ በኅዳር ጽዮን ለሦስቱም ተዝካር አወጡ። ወይዘሮ እሌኒ «ሰው ያለችው አንዲት እናት ናት» ቢሏቸው፣ «የኔ እስክትለይ ሦስት ናቸው» አሉ። ያዝናሉ ስንል ደስ ብሏቸው ነበር፤ ደስ አላቸው ስንል ደግሞ ብቻቸውን አዳራሹ ገብተው ከተከፈተው በር ሥር ቆመው ወደ ላይ ሲያዩ እናገኛቸዋለን። አውሮፕላኑ እንዲያ መቆሙ ልክ መሆኑን ስንጠይቃቸው «እኔ እንጃ» ይሉ ነበር። ስሞቹ መጻፋቸው ግን ልክ መሆኑን አልተጠራጠሩም።

አቶ አምሐ በጉበት ሕመም ስድስት ወር ሲታከሙ ቆይተው፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው (በመታወቂያቸው በ56) ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችንና አራት የልጅ ልጆችን ትተዋል። ሊሞቱ ሳምንት ሲቀራቸው ልጃቸውን ፀሐይወርቅን ጠርተው «ሁለቱንም ስሜን ጻፊ፤ የሚፈልገኝ ሰው እንዳይቸገር» አሏት።

እነሆ ጽፈናል። ፈጣሪ የባሪያውን የገብረ ኪዳንን፣ የእኛን የአምሐን፣ ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያኑርልን፤ እዚህ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። እኛ ዛሬም ለእናታቸው ሦስት ስም እንጠራለን። እሳቸው ግን ከእናታቸው ዘንድ ሄደዋልና አንዱን ዐውቀዋል።